ማኅተም በነፃ

የዚያን ቀን ጠዋት አማቴን የልጅ ልጃቸውን እንዳይስሙ ከለከልኳቸው። ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ከወጥ ቤቱ ወደ በሩ በምትወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ልጄም እየሮጠች ወደ እሳቸው ስትሄድ ነበር። መሃላቸው ገባሁና የልጅቷን ትከሻ ይዤ፣ «አባባ፣ ዛሬ እንዳይስሟት» አልኩ። የተዘረጉት እጆች ለጥቂት ጊዜ እንደተዘረጉ ቆዩ። ከዚያ አንደኛው ኮፍያውን ሊያስተካክል ወጣ፣ ሌላኛው ኮት ኪስ ውስጥ ገባ። «እሺ» አሉ።  ሻያቸው እንደ ተቀዳ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ በሩንም ሲዘጉት ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቀው ነው የዘጉት። በኃይል ቢዘጉት ይሻለኝ ነበር። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «አባባ ተቆጣ» አለች፤ አልተቆጣም አልኳት፤ ልቤ ግን እኔ ራሴን አላመነኝም።

ልጄ ድንቡሽ ያለች ስለነበረች አባባ «ድንቡሼ» ነበር የሚሏት፤ ቤቱም ሰፈሩም ይህንኑ ይዞ ቀረ። ነገሩ ሲጀምር ከአፍንጫዋ ሥር የወጣች አንዲት ብጉር መሳይ ነገር ነበረች። ፈነዳች፤ ማር ፈሶ የደረቀባት የሚመስል ቢጫ ቅርፊት ያዘች፤ ከዚያ ወደ ከንፈሯ ዳር፣ ከከንፈሯ ወደ ጉንጯ ተሻገረች። የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርትም እስክትድን ቤት ትዋል ብላ መለሰችን። መጀመሪያ ያከሟት አባባ ነበሩ። ከፀጉር ማስተካከያ ሱቃቸው ያመጧትን የክሬም ቱቦ ጫን አድርገው በጣታቸው ጫፍ ቀቧት፤ በማግሥቱ ደረቅ ስትል «አላልኳችሁም?» እያሉ ሲኩራሩ ዋሉ። መቀባቱም በዚያው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ቁስሏ ተመልሳ መጣች፣ እህቶቿን አስከትላ። እንደገና ቀቧት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን መድኃኒቱን ከቁብም አልቆጠረችው።

በዚያ ጠዋት ዋዜማ ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ሐኪሟ አይታ አልደነገጠችም። ልጆች ላይ የሚበዛ የቆዳ በሽታ ነው፣ ባክቴሪያ ያመጣዋል፣ በንክኪ ይጋባል፣ በደንብ ከታከመ ጠባሳ እንኳ አይተውም አለችኝ። ከዚያ ምን ስትቀቧት ነበር ብላ ጠየቀች። ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ቱቦው ለማን የታዘዘ ነው? መቼ ነው የተከፈተው?  የአማቴ ነው፣ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፣ ደንበኛውን ሁሉ የሚቀቡት እሱን ነው አልኳት። ሌላ ክሬም ጻፈችልኝ፤ እንዴት እንደምቀባውም አሳየችኝ። እጅሽን ታጠቢ፣ ቅርፊቱን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አለስልሰሽ አንሺ፣ ቁስሉ ላይ ብቻ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ እጅሽን እንደገና ታጠቢ፣ የዳነ ቢመስልም ያልኩሽ ቀን ሳይሞላ አታቁሚ፤ ትኩሳት ካመጣች ወይም ቁስሉ ከሰፋ ግን ቶሎ መልሰሽ አምጫት። ፎጣዋም ለብቻ ይሁን። ስወጣ በሩ ላይ ጠርታ፣ «ቤት ውስጥ ሌላ ቁስል ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ።

ነበረ። አባባ ረጅም ባይሆንም ጥቅጥቅ ያለ ፂም ነበራቸው፤ ከአገጫቸው በስተግራ ከፂሙ ሥር፣ እጃቸው በሄደ ቁጥር የሚነካካት አንዲት ቦታ ነበረች። ራት ላይ ሲያኝኩ አይቻታለሁ፤ ቢጫ ነበረች። ግን ምራት አማቷን «እስቲ አገጭዎን ያሳዩኝ» ትላለች እንዴ? ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ መንገድ ዘግቶ የቆመ የጭነት መኪና ሹፌርን ወርዶ የሚገስጽ ሰው፣ አባቱን ግን «እንዴት ዋልክ» ከማለት በቀር ምንም ብሎ አያውቅም። «አንቺ ብትነግሪው ይሻላል፤ አንቺን ይወድሻል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም የቻልኩትን ያህል ነገርኳቸው። እንዳይስሟት አልኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አላየሁም። አባባ ካረፉ በኋላ ሊያጽናኑን የመጡት ደንበኞቻቸው ናቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው እየተቀባበሉ የነገሩኝ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እያረመው፣ እየሳቁ፣ ሲስቁ ደግሞ አፍረው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። እኔም ሱሪ እያሳጠርኩና ዚፕ እየቀየርኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ መጻፍ ማንም አላስተማረኝም። ቁራጭን ከቁራጭ ማገጣጠም ግን እችላለሁ።

የአባባ ሱቅ አንድ በር፣ አንድ መስኮትና ሁለት ወንበር ነበራት፤ አንዱ ወንበር የሚሽከረከር፣ አንዱ ይሽከረከር የነበረ። መስተዋቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ ስለነበር ደንበኛው ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ካልተቀመጠ ጆሮው ሁለት ይሆንበታል። ሬዲዮኑ ዜና ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ዘፈን ሲጀምር አባባ ይዘጉታል፣ እጅ ያስቸኩላል ብለው። ግድግዳው ላይ በራሳቸው እጅ የጻፉት የዋጋ ሰሌዳ ነበረ፦ ፀጉር ይህን ያህል፣ ፂም ይህን ያህል፣ ልጅ ካላለቀሰ በግማሽ። ከሁሉም ሥር ከሌላው ወፈር ባለ ፊደል «ማኅተም በነፃ» የሚል ነበረበት። ማኅተም የሚሉት ያችን ክሬም ነበር። ላጭተው፣ አጥበው፣ በፎጣ አድርቀው ሲጨርሱ ከቱቦዋ ጥቂት ጣታቸው ላይ አድርገው የደንበኛውን ማጅራት በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። «ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ የትም አይደርስም» ይሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ስማቸው ተረስቶ «ጋሼ ማኅተም» ሆኑ። ልማዱ የመጣው አንድ ጊዜ ምላጭ የቆረጠው ጣታቸው አመርቅዞባቸው በሐኪም ትእዛዝ ይህንኑ ክሬም ተቀብተው በመዳናቸው ነው። እኔን ያዳነ ደንበኞቼን ይጠብቅልኝ አሉ፤ ለቁስል የተሠራውን ለደህና ቆዳ አዋሉት። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ቸርነት የሚያደርግ ሌላ ፀጉር አስተካካይ አልነበረም።

ያን ዕለት የመጀመሪያው ደንበኛ ጡረታ የወጡት መምህር ነበሩ፤ ቀን እየዘለሉ ፂማቸውን ለመላጨት ይመጣሉ፣ ፂማቸው ብዙም ስለሚያድግ ሳይሆን ቤታቸው ውስጥ ዝምታው ስለሚበዛ። ከአባባ ጋር አንተ ተባብለው የሚሰዳደቡ እኩዮች ናቸው። መምህሩ እንደነገሩኝ አባባ በዚያ ጠዋት ዜናውን አልከፈቱም፣ አልቀለዱም፣ አረፋውን ሁለት ጊዜ ቀብተው ሁለት ጊዜ ጠረጉት። መምህሩ በነገር ሲወጓቸው፣ «ምነው፣ ማዶኛው ወንበርህን ሰረቀህ እንዴ?» አሏቸው። ማዶኛው የሚባለው ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ሱቅ የከፈተው ወጣት ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱ እንደ ንብ እየጮኸ፣ ዘፈኑ መንገድ እየተሻገረ፣ ደንበኞቹ በር ላይ ተሰልፈው። አባባ «በግ ሸላች» ይሉት ነበር፤ ሰላምታቸውም ከአገጭ ንቅናቄ አልፎ አያውቅም። ያን ቀን ግን በማዶኛው አልተቆጡም። «ልጄ ቤት የልጅ ልጄን አትሳም ተባልኩ» አሉ፣ ምላጩን እንደያዙ። መምህሩ አንገታቸው ምላጭ ሥር ስለነበረ ቅንድባቸውን ብቻ አነሡ። አባባም ቀጠሉ፤ ይህን ያህል ዘመን እጄን በሳሙናና በአልኮል ስታጠብ ኖሬ በስተርጅና ቆሻሻ ሆንኩ፣ አሉ።

ማኅተሙ ላይ ሲደርሱ ቱቦዋ ባዶ ሆና ተገኘች። በመቀሱ እጀታ ከታች ወደ ላይ እየደፈጠጡ ቢያስጨንቋት አየር ብቻ ተነፈሰች። መምህሩን ያለ ማኅተም መሸኘት ለአባባ ደንበኛን ግማሽ ፊት ላጭቶ እንደ መስደድ ነበር፤ ጠብቀኝ ብለው ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዱ።

መድኃኒት ቤቱ ከሱቃቸው አለፍ ብሎ ጥጉ ላይ ነበር፤ ዱሮ ባለቤቱ አባባ ብቅ ሲሉ ገና በር ላይ ሳሉ ቱቦዋን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡላቸዋል። አሁን እሳቸው ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ተተክታለች፤ ልጅ ሳለች አባባ ጎፈሬዋን «ካላለቀሰች በግማሽ» ብለው የቆረጡላት ናት። «ለማን ነው ጋሼ?» አለቻቸው። ለደንበኞቼ አሉ። ለየትኛው ስትል ለሁሉም አሉ። ልጅቷ አልሳቀችም። አባባ አባትሽ ይህን ሁሉ አይጠይቀኝም ነበር ብለው ነካ ሲያደርጓት፣ «አባቴማ ሳይጠይቅ ይሰጥ ነበር፤ እኔ ሳልጠይቅ አልሰጥም፤ ሁለታችንንም ያውቁናል» አለች። ከዚያ ወንበር አውጥታ አስቀመጠቻቸውና እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ልጅ ነገረቻቸው። ይሄ ክሬም ባክቴሪያ ለያዘው ቁስል በሐኪም የሚታዘዝ ነው፣ ደህና ቆዳን አይጠቅምም። አንድ ቱቦ የአንድ ሰው ነው፤ አንድ ጣት ከአንገት አንገት ሲዞር ቁስሉንም ይዞ ሊዞር ይችላል። ደግሞም በትንሽ በትንሹ፣ በየቀኑ፣ ያለ ቦታው ሲቀባ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ በእውነት የሚፈለግ ቀን ሲመጣ እምቢ ይላል።

አባባ ይሄኛውን ቶሎ ያዙት። «ዱላ እንደለመደ አህያ» አሉ።

«እንደሱ» አለች።

ያኔ ነው ዓይኗ ፂማቸው ላይ ያረፈው። እጃቸው እንደልማዱ ያቺን ቦታ ሊነካ ሄዶ ነበር። ባንኮኒውን ዞራ መጣችና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ቀና ይበሉልኝ» አለች፤ ሰውን ሁሉ ቀና በል እያሉ የኖሩት አባባ በተራቸው ቀና አሉ። እኔ የፈራሁትን ልጅቷ በአንድ ቃል አደረገችው። ቤት ውስጥ ልጅ አለ? ብላ ጠየቀች። አባባ ድንቡሼን የሚስሟት በከንፈር ብቻ አልነበረም፤ ፂማቸውን ጉንጯ ላይ እያሻሹ እስክትንጫጫ ድረስ ይፈትጓት ነበር፤ እሷም «ይወጋል! ድገመኝ!» ትላለች። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ነገረችኝ፣ ኋላ ላይ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ፦ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ለረጅም ጊዜ የኮፍያውን ውስጥ ተመለከቱ። ከማን ወደ ማን እንደሄደ ማንም በእርግጥ ማወቅ አይችልም፣ ከእሷም ወደ እርስዎ ተላልፎ ይሆናል፣ ብላ ልታጽናናቸው ሞከረች። «እሷማ የምትፈትግበት ፂም የላትም» አሉ። ከዚያ ተነሥተው፣ «የት ልሂድ?» ብለው ጠየቁ። ክሬሙን ሳይገዙ ወጡ።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሚያለቅሱ ሕፃናትና ከእናቶቻቸው ጋር ተራ ጠበቁ፤ አንዱ ሕፃን ሽርጣቸውን አይቶ ሊቆርጡኝ ነው ብሎ ለቅሶውን አባሰው ይባላል። ያየቻቸው ያችው የእኛ ሐኪም ናት። ታሪኩን ስትሰማ ማን እንደሆኑ ገባት። ለእሳቸውም የራሳቸውን ክሬም ጻፈችና አንድ ነገር ጨመረች፦ ፂሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል፣ ቆዳው ጋ አይደርስም፣ ስለዚህ ፂሙ በመቀስ ያጥር፤ ምላጭ ግን ቁስሉ ላይ እንዳይሄድ፣ ቁስሉን ወደ ደህናው ቆዳ ያሰራጨዋልና። እስኪሻልዎትም ደንበኛ አይላጩ፣ ፀጉር ብቻ በንጹሕ እጅ ይቁረጡ፣ ቁስሉንም ይሸፍኑት አለች። አባባ ሁሉንም እሺ ብለው ተቀበሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «ልጅቷን መቼ ነው የምስማት?» ሐኪሟ ሁለታችሁም ስትድኑ፣ እኔም ሳያችሁ አለች።

ሱቃቸው ሲመለሱ መምህሩ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አባባ መስተዋቱ ፊት ቆመው መቀሱን አነሡ። አገጫቸውን ቀና ሲያደርጉ ዓይናቸው አያይም፤ ዝቅ ሲያደርጉ መቀሱ አይደርስም፤ መስተዋቱ ደግሞ በዚያ በኩል ስንጥቅ ስለሆነ ሁለት አገጭ ነበር የሚያሳያቸው። መምህሩ ነቅተው እኔ ልሞክር ቢሉ፣ «አንተ እርሳስ እንኳ መቅረጽ አትችልም» ብለው ከለከሏቸው። ለጥቂት ጊዜ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ከዚያ መቀሳቸውን በንጹሕ ፎጣ ጠቀለሉ፤ በሩን ከፈቱ፤ መንገዱን ተሻገሩ። መምህሩ ይህን ሲነግሩኝ ያ ሁሉ ዓመት ወሰን ሆኖ የኖረው መንገድ ከአንድ ቤት ግቢ እንደማይሰፋ ያን ቀን ነው የገባኝ አሉ።

ማዶኛው የሚቆርጠውን ደንበኛ ጆሮ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም። ዘፈኑን ዘጋ። «ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ። አባባ መሃል ወለሉ ላይ ቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ፦

«ፂሜን አሳጥርልኝ። በራሴ መቀስ፣ በራሴ ፎጣ። ያንተ ዕቃ እንዳይነካኝ፤ ቁስል አለብኝ፣ ይጋባል።»

ደንበኞች ያሉበት ሱቅ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ ሲናገር ከዚያ በፊት ማንም አልሰማም። ማዶኛው የያዘውን ደንበኛ ጨርሶ ሸኘ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ የእጅ ጓንት አደረገ፣ አባባንም ከሁሉ ጥግ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠ። ከየት እንደሚጀምር ሲያመነታ «በግ አይደለሁም፣ አልራገጥም» ሲሉት ሳቀና መቁረጥ ጀመረ። ያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፂም ፎጣው ላይ ረገፈ። ሲጨርስ ፀጉሩን በፎጣው ጠቅልሎ አሰረ፣ ጓንቱን አውልቆ ጣለ፣ እጁን እንደገና በሳሙና ታጥቦ አደረቀ። ከዚያ ለመሄድ ሲነሡ፣ «ጋሼ፣ ማኅተምስ?» አላቸው። እኔ ዘንድ ክሬም የለም አለና ደረቁን አውራ ጣቱን ማጅራታቸው ላይ ጫን አድርጎ አነሣ። ከሌላ ሰው እጅ ማኅተም ሲያርፍባቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። አባባ ትንሽ አሰቡ። «ደረቅ ማኅተም» አሉ። «መንግሥት ቤት ዋናው እሱ ነው።» ማዶኛው ገንዘብ አልቀበልም ቢል ዋጋውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ወጡ፤ ይህ ለፂሙ ነው፣ ማኅተሙ በነፃ ነው ብለው።

ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ውስጥ መቀሱን ቀቀሉ፣ በአልኮል ጠረጉ፣ ፎጣዎቹን ሁሉ በፈላ ውኃ ዘፈዘፉ፣ አገጫቸው ላይ ንጹሕ ፋሻ ለጠፉ። የሚላጭ የመጣውን ሁሉ ማዶ ተሻገር፣ ልጁ እጁ ጥሩ ነው እያሉ መለሱት፤ ይህን የሰማ ደንበኛ ሁሉ ጋሼ ታመዋል ብሎ ደንግጦ ነበር የሚወጣው። መምህሩንም አስጎንብሰው ማጅራታቸውን በብርሃን አዩት። ትንንሽ መግል የያዙ ብጉሮች ነበሩበት፤ ከርመዋል፣ አባባም በየጊዜው በማኅተም ሲያክሟቸው ነበር። «ይሄ የእኔ እጅ ያመጣው ሳይሆን አይቀርም። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ አሳያት» አሏቸው። መምህሩ ኮሌታቸውን መለሱና ዞረው አዩአቸው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስትቀባኝ ኖረህ፣ ንጉሥ እንዳልሆንኩ ዛሬ ነው የምትነግረኝ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ መምህሩ እንደሚሉት አባባ ሲስቁ ዓይናቸው ውኃ ቋጥሮ ነበር። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ወንበሩ ላይ ወጡና ከዋጋ ሰሌዳው ሥር ያለውን ሊያጠፉ እጃቸውን አነሡ። «ማኅተም በነፃ» የሚለው ላይ ጨርቁ ቆመ። አሰቡና ሳይነኩት ወረዱ። እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ፣ መምህሩን ጤነኛው የአንገታቸው ቦታ ላይ በደረቅ አውራ ጣት ጫን አደረጓቸው። ሰሌዳው ሱቁ እስከተዘጋበት ቀን ድረስ እንደዚያው ኖረ።

ቤት ሲመጡ ገና አልመሸም ነበር፤ እኔ መስኮቱ ጋ ሱሪ እያጠፍኩ ነበር። በሩ ላይ የቆመውን ሰው ለአፍታ አላወቅኩትም። ፊታቸው ትንሽ፣ አገጫቸው ከፋሻው ዙሪያ ነጣ ያለ፣ የባለቤቴን አገጭ የሚመስል ሆኖ ነበር፤ እንደሚመሳሰሉ ያን ቀን ነው ያየሁት። እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር የቆሙት፣ ተማሪ ቢሮ ሲጠራ እንደሚቆመው። ድንቡሼ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። አባባ «ድንቡሼ» ሲሏት በአንድ ዓይኗ ብቅ ብላ ድምፁንና ፊቱን ለማስታረቅ ሞከረችና አልሆነላትም።

«አባባን የት አደረግኸው?» አለች።

«ማዶ ጥዬው መጣሁ» አሉ። «ነገ ከነገ ወዲያ ይበቅላል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ጠዋቱ እንደሚያወሩ አውቄ መርፌዬን ያዝኩ። «አንቺ ልጅ፣ አገጭዎ ላይ ነው ብትይኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። እንዴት ብዬ ልንገርዎ አልኳቸው። አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፤ እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።» ለብቻቸው የገዙትን አዲስ ፎጣ ከኮታቸው አውጥተው ከእኛ ፎጣዎች ራቅ ባለ ምስማር ሰቀሉት፤ ጠዋት ሳይጠጡት በቀረው ሻይ ፈንታ አዲስ ቀድቼ ሰጠኋቸው፤ ስኳር አደረጉበትና ጠጡ። በእኔና በአማቴ መካከል ከዚያ የበለጠ እርቅ አያስፈልግም ነበር።

የድንቡሼ መድኃኒት ሰዓት ሲደርስ አብረን ተቀመጥን፤ እሷ ከቤታችን አግዳሚ ወንበር በአንደኛው ጫፍ፣ እሳቸው በሌላኛው፣ መሃል ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው። ቅርፊቷን ለብ ባለ ውኃ አለስልሼ አነሣሁላት፤ ስታለቅስ አባባ የራሳቸውን ሲያጥቡ እንደሚያማቸው አስመስለው ጮኹ፤ እሷም ለማየት ስትል ዝም አለች። ቱቦው ቁስሉን እንዳይነካ ክሬሙን በታጠበው ጣቴ ጫፍ ላይ አድርጌ ስስ አድርጌ ቀባኋት፤ እሳቸውም ትንሿን መስተዋት አስደግፈው የራሳቸውን እንደዚሁ አደረጉ። ይህን ያህል ጥቂት ክሬም ሲጠቀሙ አይቼ አላውቅም። ድንቡሼ ስትጨርስ የእሷን ቱቦ አንሥታ ወደ እሳቸው ዘረጋች፣ «እኔ ማኅተም ላድርግህ» ብላ። አባባ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«ያንቺ ያንቺ ነው። የእኔ የእኔ ነው።»

«ስስታም» አለቻቸው።

«ስስታም ነኝ» አሉ አባባ፤ ሕይወታቸውን ሙሉ ማንም እንዲህ ብሏቸው አያውቅም፣ ደስም ያላቸው መሰለኝ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ሁለቱም እጃቸውን በተራ ሲታጠቡ አገኛቸው። አባቱን ትኩር ብሎ አየና ወዲያው «እንዴት ዋልክ?» አለ። «ፂሜን ተቆርጬ ዋልኩ» አሉት። እሱም የራሱን አገጭ ዳሰሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለአባባ ከባድ ነበሩ። የድንቡሼ ቁስል ደርቆ ጉንጯ እንደ ድሮው ሲለሰልስ እኔ ራሴ ተዘናግቼ መቀባቱን ልተወው ነበር፤ ከአግዳሚው ማዶ፣ «ሐኪሟ ያለችው ቀን አልሞላም» ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከሁላችን በላይ የሚቸኩሉት እሳቸው ሆነው ሳለ። ጠዋት ሲወጡ መተላለፊያው ላይ ቆመው በሩቅ በአየር ይስሟታል፣ እሷም በአየር ትፈትጋቸዋለች። ቀኑ ሲሞላ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ የልጅቷን ፊት አየች፣ የአባባን አገጭ አየች፣ ይበቃል አለች። አባባ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ ተራውን በሚጠብቅበት፣ ተንበርክከው ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሟት፤ አገጫቸውንም አሻሹባት። ድንቡሼ ፊቷን ወደ ኋላ መልሳ በቅሬታ አየቻቸው።

«አይወጋም» አለች።

«ታገሺኝ» አሏት። «ይወጋል።»

ደግሞም ወጋ። ፂማቸው ተመልሶ በቀለ፣ እሷም አደገች፣ ጉንጯን ማስፈተግ የምታፍርበት ዕድሜ ደረሰችና ያፈረችበትን ዕድሜ ደግሞ አለፈችው። መምህሩና አባባ ሲሰዳደቡ ዓመታት ሄዱ፤ ማዶኛው ደንበኛ ሲበዛበት ወዲህ ይልካል፣ አባባ ዓይናቸው ሲደክም ወዲያ ይልካሉ። ባረፉ ቀን ማንም ሳይጠራው መንገዱን ተሻግሮ ቤታችን ድረስ የመጣው ማዶኛው ነው። መቀስ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ነበር። አሁን ልሸኛቸው ብሎ ፂማቸውን አስተካከለ፣ ፀጉራቸውን አበጠረ፤ ልጄ ውኃውን ይዛለት ቆማ ነበር። ሲጨርስ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ በደንብ አደረቀ፣ ራሳቸውን በቀስታ ቀና አድርጎ ማጅራታቸውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። 

«እንግዲህ ይደርሳል» አለች ልጄ።